ልሙጡና ባለኮከቡ፦ ከኮልፌ የፖሊስ ካምፕ እስከ ቤቴል ሱቆች

ጥር ሲገባ ከጦር ኃይሎች ወደ ቤቴልና ወደ ዓለም ባንክ የሚወስደው መንገድ መልኩ ይለወጣል። እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ እዚህም የአካባቢው ወጣቶች ከየሱቁ ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ ከምሰሶ ምሰሶ ገመድ ዘርግተው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ ከመንገዱ በላይ ያንጠለጥላሉ። ሥጋ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫው ደጃፉን ያስጌጣል። የታክሲ ሾፌሩም ትንሿን ባንዲራ ከመስተዋቱ ሥር ያስራል። አብዛኛው ጨርቅ ሕዝቡ «ልሙጥ» የሚለው ነው፤ መሐሉ ላይ ምንም የለበትም። ወረዳው፣ ፖሊስ ጣቢያውና የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ግን በየግቢያቸው የሚሰቅሉት በሰማያዊ ክብ ውስጥ ቢጫ ኮከብ ያረፈበትን ነው።

ሕጉ የሚያውቀው ባለኮከቡን ብቻ ነው። ልሙጡን የሰቀለ ባለሱቅ በሕግ ዓይን ጥፋተኛ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ይሰቅለዋል፤ አንዳንዴ ፖሊስ አይቶ ያልፈዋል፣ አንዳንዴ ያስወርደዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ወደ ዱላና ወደ ጥይት ይሄዳል። የሥራ ቦታ ባንዲራ እዚህ ደረጃ የደረሰው በአንድ ጀንበር አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ አለው፤ የታሪኩም ዋና ክር ይህ ነው፦ በየዘመኑ የመጣው መንግሥት ከሕዝቡ ጋር ያለውን ክርክር በጨርቁ መሐል በሚለጥፈው ዓርማ ሊዘጋው ሞከረ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን በየሱቁ፣ በየታክሲውና በየትምህርት ቤቱ ያለው ሰው ሆነ።

ሦስቱ ቀለማት በአንድ ጨርቅ ላይ ተሰፍተው የአገር ምልክት የሆኑት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከዓድዋ ድል ማግሥት፣ በ1890 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቀለማቱ ለየብቻቸው፣ በሦስት ማዕዘን ተቆርጠው፣ አንዱ ከሌላው በላይ ይውለበለቡ ነበር። በዚያን ጊዜ ባንዲራ የቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ነገር ነው። ነጋዴው በሱቁ፣ ገበሬው በጎጆው አይሰቅለውም። የቤተ ክርስቲያኑ ግን ለየት ይላል፤ ምእመኑ ቀለማቱን ለኖኅ ከተሰጠው የቀስተ ደመና ቃል ኪዳን ጋር ያያይዛቸዋል፣ በጥምቀትና በንግሥ በዓልም ከድባቡና ከጃንጥላው ጎን ያቆማቸዋል። ዛሬ በጥምቀት መንገድ ላይ የሚታየው ልሙጥ ጨርቅ ከፖለቲካ ሰልፍ በፊት ሥሩ እዚህ እንዳለ ካልታወቀ፣ ፖሊስና ምእመን ለምን እንደማይግባቡ አይገባም።

ባንዲራውን የሕዝብ ያደረገው አምስቱ የጠላት ዘመን ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ሲይዝ የራሱን ሰቀለ፤ የአገሩ ባንዲራ የአርበኛ ምልክት ሆኖ ወደ ጫካ ገባ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው ድንበሩን ሲሻገሩ ኦሜድላ ላይ መጀመሪያ ያደረጉት ሰንደቅ ዓላማውን መስቀል ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡም እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ባንዲራ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፖሊስ ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ የዕለት ሥርዓት ሆነ። ጠዋት ተማሪ ተሰልፎ ይዘምራል። ማታ ፊሽካ ተነፍቶ ባንዲራው ሲወርድ መንገደኛው ባለበት ቀጥ ይላል፣ ባርኔጣ ያደረገ ያወልቃል፣ መኪናም ይቆማል። ሽማግሌዎች ይህን ሥርዓት በናፍቆት ያነሡታል። ሥርዓቱን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ደግፎት ነበር፤ የአገሪቱን ምልክቶች ማዋረድ የሚያስቀጣ ሆነ።

ያ ሥርዓት ኮልፌ ውስጥ አንድ ታላቅ እንግዳ ነበረው። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ገደማ ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና ሊወስድ ወደ ኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ገባ። ስድስት ወር ይቆያል የተባለው ሥልጠና ወደ አገሩ እንዲመለስ በመጠራቱ ሁለት ወር ገደማ ላይ ተቋረጠ፤ እሱም እንደተመለሰ ተያዘ። ካምፑ ላይ የሚውለበለበው ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ ያለበት ባንዲራ ነው። ለማንዴላ ያ ባንዲራ በጥቁር መኮንኖች የሚመራ፣ በነጭ ያልተገዛ የጥቁር አገር ምልክት ነበር።

የዚያ ፖሊስ አዛዥ ግን ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው፤ በኋላ ጄኔራል የሆኑት። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ዙፋኑን ካተረፉት መኮንኖች አንዱ ናቸው። ጥቂት ዓመት አልፎ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን ተቀላቀሉ፣ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ እኩልነት ተናገሩ፣ ታሰሩ፣ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ዝቅ ቢልላቸውም በ1967 ዓ.ም. ደርግ ረሸናቸው። አንበሳው ያለበትን ባንዲራ ለዓመታት ሰላምታ የሰጠ እጅ በመጨረሻ በዚያ ባንዲራ ሥር ሁሉም ሰው እኩል አይደለም ብሎ ተነሣ። ማንዴላና ታደሰ ብሩ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆመው ሁለት የተለያየ ነገር አይተዋል። ሁለቱም ያዩት እውነት ነበር። ዛሬ በቤቴል አንድ ልሙጥ ጨርቅ አንዱን የዓድዋ ኩራት፣ ሌላውን የተጫነበት ዘመን የሚያስታውሰው ለዚህ ነው።

ደርግ ሲመጣ ለውጡ ከጨርቁ መሐል ጀመረ። አንበሳው መጀመሪያ ዘውዱን አጣ፣ ቀጥሎ ራሱ አንበሳው ወረደ፣ በምትኩ የአብዮቱ ዓርማ መጣ፤ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ ሲታወጅ ደግሞ ሌላ ዓርማ ተሠራ። ትናንት በቢሮው የሰቀለውን ዛሬ ያላወረደ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አድኃሪ ተብሎ ይጠረጠር ነበር። ከዓርማው ሩጫ የተረፈው ሰፊው ሕዝብ ግን ቀለማቱን ብቻ ይዞ ቀረ። በየቤቱ፣ በየስታዲየሙ፣ በየሰርጉ የሚታየው ልሙጡ ሆነ። ያኔ ማንንም ስለማያስቆጣ ነበር የተለመደው።

ቀለማቱ ከአገር ውጭ ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። ጋና በ1949 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴውን ከኢትዮጵያ ወስዳ ጥቁር ኮከብ አኖረችበት። ጊኒ፣ ማሊ፣ ሴኔጋል፣ ካሜሩንና ሌሎችም ተከተሉ። የጃማይካ ራስታዎች ደግሞ ከደርግ በኋላም ቢሆን ባለአንበሳውን አልተዉም።

በ1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ሲገባ ክርክሩ ከሁሉም ዘመን በረታ። በሽግግሩ ዓመታት ፕሬዚዳንት የነበሩት መለስ ዜናዊ ባንዲራን «ጨርቅ» ብለዋል የሚለው ወቀሳ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ተከትሏቸዋል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመሐል፣ ቀዩ ከታች ሆኖ መሐሉ ላይ ብሔራዊ ዓርማ እንዲኖር ደነገገ። ዓርማው የብሔር ብሔረሰቦች፣ የሕዝቦችና የሃይማኖቶችን በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋ እንዲያንጸባርቅ ታሰበ። ክልሎችም የየራሳቸው እንዲኖራቸው ተፈቀደ። በ1988 ዓ.ም. ሰማያዊው ክብና ኮከቡ መጡ። የዓርማው ዓላማ በጎ ነበር፤ ታደሰ ብሩ ያነሡትን የእኩልነት ጥያቄ ለመመለስ የታሰበ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654 ዓርማ የሌለውን ባንዲራ መጠቀምን፣ በላዩ ላይ ጽሑፍ ወይም ምስል መጨመርንና ያረጀውን መስቀልን ከለከለ፤ የገንዘብ መቀጮና እስራትም ደነገገ። በጥቅምት ወር የመጀመሪያ ሰኞ የሚከበረው የሰንደቅ ዓላማ ቀንም በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ተሰልፎ ቃል የሚገባበት ቀን ሆነ። በዚህ አዋጅ ውስጥ የሚያሳዝነው ነገር ኮከቡ አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሕዝብ ሲሠርግበትና ሲያለቅስበት የኖረውን ጨርቅ በአንድ ጀንበር የወንጀል ማስረጃ ማድረጉ ነው። ሊያቀራርብ የተሠራ ዓርማ በቅጣት ሲደገፍ የመንግሥት ማኅተም መስሎ ታየ፤ ልሙጡም የተቃዋሚ ምልክት ሆነ።

የውጤቱን ልክ ካሳዩት አንዱ በዋሽንግተኑ የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሆነው ነው። መስከረም 19 ቀን 2007 ዓ.ም. የተቃውሞ ሰልፈኞች ወደ ኤምባሲው ግቢ ገብተው ባለኮከቡን አውርደው ልሙጡን ለመስቀል ሞከሩ። ከኤምባሲው ሠራተኞች አንዱ ሽጉጥ መዝዞ ተኮሰ። ማንም አልተመታም፤ ተኳሹ ከአሜሪካ እንዲወጣ ተደረገ። በዚያ ግቢ ሁለት ስሕተት ተሠራ። የሌላውን መሥሪያ ቤት ባንዲራ በጉልበት ማውረድ አንዱ ነው፤ ለጨርቅ ብሎ በሰው ላይ መተኮስ ደግሞ ከዚያ የከፋው።

በ2010 ዓ.ም. ለውጡ ሲመጣ በአዲስ አበባ አደባባዮች ልሙጡ፣ ባለአንበሳውና ባለኮከቡ ጎን ለጎን ታዩ፤ ለጥቂት ወራትም የባንዲራ ጸብ ያበቃ መሰለ። ጳጉሜን 4 ቀን የግንቦት ሰባት መሪዎች አቀባበል ከተማዋን በልሙጡ ሞላት። ከሳምንት በኋላ፣ መስከረም 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኦነግ መሪዎች ሊገቡ ሲሉ ደግሞ የግንባሩ ባንዲራ በየአስፋልቱ ጠርዝና በየምሰሶው ላይ መቀባት ጀመረ። አንዱ ወገን ሲቀባ ሌላው ሊያጠፋ ተነሣ፤ በድንጋይና በዱላ ተፋለሙ። ብዙ ሳይቆይ ከኮልፌ ቀራኒዮ ጋር በሚዋሰነው ቡራዩ፣ በአሸዋ ሜዳና አካባቢው በነዋሪዎች ላይ ጥቃት ደረሰ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 58 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ከተጎዱት ብዙዎቹ ሸማ በመሥራትና በመነገድ የሚኖሩ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተሰደዱ። የጠቡ ምክንያት ባንዲራ ብቻ አልነበረም። ሆኖም ሳምንቱ የጀመረው በባንዲራ ነው።

በዚያው ሰሞን አርባ ምንጭ ላይ የሆነውም ሊረሳ አይገባም። የወገኖቻቸው ሞት ያስቆጣቸው ወጣቶች የኦሮሚያን ስም ወደያዙ ባንኮችና ወደ ኦሮሞ ነጋዴዎች ንብረት ሊሄዱ ሲሉ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በባንኩ ደጃፍ የተጻፈው ስም አልተነቀለም፤ ውስጥ የሚሠራውም ሰው አልተነካም። የመቻቻል ወሰን የት ላይ እንደሆነ ከየትኛውም አዋጅ ይልቅ እነዚያ አባቶች በግልጽ አሳዩ፦ ሰው ላይ እጅ ማንሣት ላይ ነው።

ትምህርቱ ግን አልተወሰደም። በጥር 2014 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት ማግሥት ባሉት ቀናት፣ የወይብላ ማርያም ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ከሰንደቅ ዓላማ ጋር በተያያዘ አለመግባባት የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፍተው ምእመናን ሞቱ። በ2015 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ጸቡ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ገባ። አፋን ኦሮሞ በሚሰጥባቸው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ባንዲራ ይሰቀል፣ መዝሙሩም ይዘመር በመባሉ ተቃውሞ ተነሣ፤ ተማሪዎች ተጎዱ፣ ታሰሩ፣ ትምህርት ተስተጓጎለ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር የልጁ መብት ነው። ልጅን ጠዋት አሰልፎ ያልተወያዩበትን ባንዲራ ሰላም በል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ልሙጡን በቅጣት መከልከልና የክልሉን በትእዛዝ ማሰቀል ከአንድ ስሕተት የሚወለዱ ናቸው፦ ፍቅርን በመመሪያ ማምጣት ይቻላል ከማለት።

ሌሎች አገሮችም ይህን ፈተና አልፈውበታል። በሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ውስጥ፣ ሾርትስ በሚባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ የፕሮቴስታንት ሠራተኞች የብሪታኒያን ባንዲራ በየማሽኑ ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ በቁጥር ትንሽ የነበሩት ካቶሊክ ሠራተኞች በየዕለቱ «እናንተ እንግዳ ናችሁ» እንደተባሉ ይቆጥሩታል። አስተዳደሩ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ሲያስወርደው ብዙዎች ሥራ ጥለው ወጡ። ያም ሆኖ በ1989 እ.ኤ.አ. የሥራ ቅጥር እኩልነት ሕግ ተጠናከረ፤ ማንም የማይሸማቀቅበት የሥራ ቦታ መፍጠር የአሠሪው ኃላፊነት መሆኑም እየተለመደ መጣ። እዚያ ወሰኑን ያሰመረው ጥያቄ «ይህ ባንዲራ ሕጋዊ ነው ወይ?» የሚል አልነበረም፤ ባንዲራው በሌላው ሠራተኛ ላይ ምን እየሠራ ነው የሚል ነበር።

ሕንድ ደግሞ ተቃራኒውን ጫፍ አሳይታለች። ናቪን ጂንዳል የተባለ የኢንዱስትሪ ባለቤት በፋብሪካው ግቢ የአገሩን ባንዲራ በየቀኑ ሲሰቅል የመንግሥት ባለሥልጣናት ግለሰብ በፈለገው ቀን መስቀል አይችልም ብለው ከለከሉት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ዓመታት ፈጀ። በ1996 ዓ.ም. ጥር ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባንዲራን በክብር መስቀል ሐሳብን የመግለጽ መብት አካል ነው ብሎ ፈረደ።

ከሁሉም ይልቅ ለኮልፌ የሚቀርበው የማንዴላ አገር ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. አዲስ ባንዲራ ሰቀለች፤ አሮጌውን ግን ወንጀል አላደረገችም። ሆኖም የማንዴላ ፋውንዴሽን የአፓርታይድ ዘመኑ ባንዲራ ያለ በቂ ምክንያት መታየቱ ጥላቻ መስበክ ነው ብሎ ከሰሰ። ዳኛ ፊኒያስ ሞጃፔሎ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ለከሳሹ ፈረዱ፤ ለጥናት፣ ለጥበብ ሥራና ለጋዜጠኝነት ግን በር ክፍት ተዉ። በ2015 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በአደባባይ ማሳየትን በሚመለከት ፍርዱን ሲያጸና በሰው የግል ቤት ውስጥ ያለውን ሳይወስን አለፈው። ጉዳዩ የታየው በእኩልነት ፍርድ ቤት ነው፤ እስር ቤት የሚያስገባ አልነበረም። የኢትዮጵያ ልሙጥ ባንዲራ የአፓርታይድ ባንዲራ አይደለም። ማንንም ከሰው በታች ለማድረግ አልተሠራም፤ ሕዝብ በወል የሞተለት ነው። ደቡብ አፍሪካ እጅግ ለከፋው ምልክት እንኳ ይህን ያህል ከተጠነቀቀች፣ ለልሙጡ እስራት ማዘዝ ልክ ማጣት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለሥራ ቦታ የሚሆን ሚዛን ይገኛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሁሉም ነውና ሕገ መንግሥቱ ያለውን ብቻ፣ በክብርና ባልተቀደደ ጨርቅ፣ ይስቀል፤ ፋይል ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ከዚያ ሌላ የማንንም ወገን ምልክት ጠረጴዛው ላይ ማየት የለበትም። ዳኛ፣ ፖሊስና መምህር በሥራ ሰዓታቸው ወገን የላቸውም። የግል ሱቅና ታክሲ ግን የባለቤቱ ደጅ ነው። ልሙጥ፣ ባለኮከብ ወይም የክልሉን ቢሰቅል፣ ደንበኛው ካልተስማማው ሌላ ሱቅ አለ። አሠሪው ግን ባንዲራውን ሠራተኛው እንዲሳለም ማስገደድ፣ ያልተሳለመውን ማግለል፣ በባንዲራ ሽፋን መስደብ አይችልም። ወሰኑ እዚያ ላይ ይሰመር፤ ያንን ያለፈም ይጠየቅ።

እዚህ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ አለበት። ለልሙጡ የተደነገገውን እስራት ከአዋጁ ማውጣት ኮከቡን አያወርደውም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ባለበት ይቆያል፣ የጥምቀቱ መንገድ ደግሞ የፖሊስ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ዓርማው ራሱ ይቀየር ወይስ ይጽና የሚለው ጥያቄ በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን መድረክ ላይ በሰፊው ይመከርበት። በዚያ መድረክም ከፖለቲከኞቹ ጎን ደጃፉን በየዓመቱ የሚያስጌጠው የቤቴል ባለሱቅ፣ ከቡራዩ የተፈናቀለው ሸማኔና ልጁ በአፋን ኦሮሞ የሚማርለት አባት ቦታ ይሰጣቸው፤ የሚሉትም ይሰማ።